ግራው ጠበባት

«ለሴትዮዋ ነው እንዴ? ለእሷስ ከጫማ ጆንያ ይሻላታል» አለ አንደኛው ሻጭ ለሌላው፤ ሁለቱም ሳቁ። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል። ሱቁ ግን ጠባብ ነው፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ በጫማ ካርቶን ተሞልቷል፤ የተባለው ነገር የትም የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም። ደስታነሽ ሰማች። ልጇ መክሊትም ሰማች። ደስታነሽ መደርደሪያው ላይ ያለች አንዲት የሕፃን ቀይ ጫማ አንስታ ልትገዛት ያሰበች ይመስል እያገላበጠች ታያት ጀመር። መክሊት ደግሞ በእጇ የያዘችውን ቡት ገልብጣ ሶሉን በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገች። እናት ልጄ ባልሰማች ትላለች፣ ልጅ እናቴ ባልሰማች ትላለች።

«ይሄ አልተሰፋም፤ በማስቲሽ የተለጠፈ ነው። እንሂድ እማ» አለች መክሊት በመጨረሻ፤ ቡቱን ሻጩ ፊት ከማስቀመጥ ይልቅ ወለሉ ላይ አኖረችው።

ሐሙስ ነበር። ደስታነሽ ከደብረ ኤልያስ ማዶ ካለው መንደሯ በመጀመሪያው መኪና ተሳፍራ ነው ደብረ ማርቆስ የገባችው። መክሊት ከዩኒቨርሲቲ በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ከተመረቀች ወዲህ ከጓደኛዋ ጋር በተከራየችው ክፍል እየኖረች፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ፣ ማመልከቻ ስታስገባ ሁለት ዓመት አልፏታል። አሁን ገና ሥራ ተገኘ። ሥራው ጮቄ ተራራ ላይ ነው፤ በክረምት ከተተከለው ችግኝ የትኛው እንደጸደቀ፣ የትኛው እንደደረቀ፣ ዳገት ቁልቁለቱን እየወጡ እየወረዱ ማየት። ሰኞ ትሄዳለች። መቀጠሯን የነገራት ሰው ቁርጭምጭሚት የሚይዝ የቆዳ ቡት ይዛ እንድትመጣ፣ በሸራ ጫማ የመጣ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ እንደሚመለስ አስጠንቅቋታል። ይህን በስልክ ስትነግራት ደስታነሽ «ጫማውን እኔ ነኝ የምገዛልሽ፤ አጠገብሽ ቆሜ ነው የምገዛልሽ» አለች። መክሊት መንገዱ ያደክምሻል፣ እኔው ገዝቼ ፎቶውን እልክልሻለሁ ብላ ብትለምናትም አልሰማቻትም።

የመክሊት ልመና ከድካሙ ብቻ እንዳልሆነ ደስታነሽ ታውቃለች። ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበት በታች አብጠው ከጠነከሩ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ያገሬው ሰው ዝሆኔ ይለዋል። ቀሚሷን መሬት እስኪጠርግ ታስረዝመዋለች። ሰርግ ቤት ከተጠራች ሰው ሳይሰበሰብ ቀድማ ገብታ ጥጓን ትይዛለች፤ የምትነሳውም ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከዛፍ ሥር ቆማ አስቀድሳ ትመለሳለች እንጂ ጫማ የሚወለቅበት በር ድረስ አትጠጋም። የደብረ ማርቆስ ጤና ጣቢያ የሰጣት፣ ለእንዲህ ያለ እግር ተብሎ የሚሠራ ሰፊ ጥቁር ጫማ አላት፤ ዛሬም አድርጋዋለች። በእሱ ስትራመድ የምታሰማው ድምፅ ከሩቅ ይታወቃል።

መናኸሪያው ጀርባ ፈንታ የሚባል ጫማ ሠሪ አለ። ለቀያሾች፣ ለደን ጠባቂዎች፣ በክረምት ገጠር ለገጠር ለሚዞሩ የከብት ሐኪሞች ቡት የሚሰፋ እሱ ነው። ቤቱ ቆዳና ሞራ ይሸታል። ፈንታ ወፍራም፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው፤ ደስታነሽን አይቶ ምንም ሳይል የራሱን በርጩማ ለቀቀላት፤ ከዚያ ወደ መክሊት ዞረ።

«ለየትኛው አገር ነው?»

«ለጮቄ። ሰኞ እሄዳለሁ።»

«ሰኞ? ታዲያ በዛሬው ሐሙስ ነው እንዴ የሚመጣው? በአዲስ ቡት ጮቄ የወጣ ሰው በእግሩ ሄዶ በቃሬዛ ነው የሚመለስ። ቢያንስ ወር ቤት ውስጥ ተለምዶ ነበር እኮ።»

«ሥራው የተገኘው ማክሰኞ ነው ጋሼ።»

«በቃ፣ ሥራው ነው ጥፋተኛው» አለና ሳቀ፤ ከመደርደሪያው ሦስት ጥንድ አወረደ። አንዱን ለደስታነሽ አቀበላት። «ሽተት ያድርጉት እስቲ እትዬ። ቆዳ፣ ቆዳ ካልሸተተ ቆዳ አይደለም።» ደስታነሽ አሸተተችው። ተረከዙን በአውራ ጣቷ ተጭና፣ አፉን ከፍታ ገበሩን ዳበሰች። ከማሰሪያው ሥር ያለው ምላሱ ከግራና ከቀኝ ከጎኑ ጋር ተሰፍቷል። ፈንታ ይህን ያደረገው ጭቃውም አፈሩም ወደ ውስጥ እንዳይገባ መሆኑን ነገራት። «አፈር አይገባም?» ብላ ደግማ ጠየቀችው። «አንዲት ቅንጣት አትገባም» አላት። ሦስተኛም ልትጠይቀው ፈልጋ፣ መክሊት ዓይኗን ስትሰብር ስላየች ተወችው።

ፈንታ ቤት አንድ ልማድ አለ። ከግድግዳው ጋር በሰያፍ የተደገፈ ሰፊ ጣውላ አለው፤ የተራራ ጫማ የሚገዛ ሰው በዚያ ጣውላ ላይ ወጥቶ ሳይወርድ ዕቃ አይሸጥለትም። ሽቅብ ማንኛውም ጫማ ይወጣል፣ ሲወረድ ነው ጣት ከፊት የሚጋጨው፣ ተረከዝም ከኋላ የሚነሳው ይላል። መክሊት ወፍራም ካልሲዋን እንዳደረገች ቡቱን አጥልቃ፣ ፈንታ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጎ አስሮላት ጣውላው ላይ ወጣች። ቀጭን ናት፤ ስትወጣ ጣውላው እንኳን ሲጢጥ አላለም። ዞራ ቁልቁል ስትወርድ ግን ደስታነሽ ፊቷን ነበር የምታየው። ቀኝ እግሯ ሲያርፍ ፊቷ እንደነበረ ነው። ግራው ሲያርፍ የታችኛውን ከንፈሯን በጥርሷ ያዝ አደረገችው።

«እህስ?» አለ ፈንታ።

«ልክ ነው።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ፈንታ አጎንብሶ ግራውን ቡት ከላይ በኩል በአውራ ጣቱ ጫን አለው። «ይሄ ነው ልክ? እንደ ከበሮ ተወጥሮ!» ብሎ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን አመጣላት። በእሱ ደግሞ ግራው ደህና ሆነ፤ ቀኙ ግን ውስጡ ዋኘ፤ ጣውላው ላይ ስትወርድ ተረከዟ ብድግ ብድግ ይላል። ፈንታ ወገቡን ይዞ ሳቀ። «አንቺ ልጅ ሁለት ሰው ነሽ እንዴ? አይዞሽ፣ የማንም ሰው አንዱ እግር ይበልጣል። የኔም ቀኙ ይበልጣል። እናቴን፣ በልጅነቴ አዳልተሽ ያበላሽው እሱን ነው እላታለሁ።»

ደስታነሽ አልሳቀችም። «ካልሲውን አውልቂው» አለች።

«ካልሲው ወፍራም ስለሆነ ነው እማ።»

«ሁለቱም ወፍራም ነው። አውልቂው።»

መክሊት አልተንቀሳቀሰችም። ደስታነሽ ከበርጩማው ተነሳች፤ ጉልበቷን ለማጠፍ መደርደሪያውን መያዝ ነበረባት፤ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠችና የልጇን ግራ እግር ጭኗ ላይ አስቀምጣ ካልሲውን ወደ ታች ሳበችው። የካልሲው ጠርዝ የነበረበት ቦታ ዙሪያውን ሰርጉዶ ቀርቷል። የእግሩ ጀርባ ላይ ሊታዩ የሚገባቸው ጅማቶች አይታዩም። ጣቶቹ ሥር ሥራቸው ወፈር ብለዋል። ደስታነሽ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ የሁለተኛውን ጣት ቆዳ ከሥሩ ቆንጠጥ አድርጋ ልታነሳው ሞከረች። አልተነሳም። ቀኙን ሞከረች፤ የቀኙ እንደ ጨርቅ ተነሳ። ወደ ግራው ተመለሰች፤ አልተነሳም። እንዲህ አድርጎ ማየትን ያወቀችው ጤና ጣቢያ የእግር ሕክምና ክፍል ውስጥ ከምትሠራው ነርስ ከአይናለም ነው፤ በሽታው የያዘው እግር ቆዳው አይነሳም ብላ በራሷ እግር ላይ ነው ያሳየቻት። ካልሲውን መልሳ አለበሰቻት፤ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አስተካከለችው፤ መስተካከል የሚያስፈልገው ነገር ግን አልነበረም።

«ግራውን ሰፋ ማድረግ ይቻላል?» አለችው ፈንታን፤ ድምፅዋ እንደ ሌላ ጊዜው ነው።

«በእንጨት ፎርማ ወጥሬ፣ ሞራ ቀብቼ አቆየዋለሁ። ምሳችሁን በልታችሁ ኑ።»

ምሳ የበሉት ሽሮና ቲማቲም ፍትፍት በሚሸጥባት፣ ሠራተኞች በሚያዘወትሯት ምግብ ቤት ነው። ከጎናቸው ያሉት የባንክ ሠራተኞች ስለ ኳስ ይከራከራሉ። መክሊት ስለ ጮቄ ብርድ፣ ስለ አብረዋት ስለሚሠሩት ልጆች፣ በየቀኑ ስለሚመጣው ጉም ታወራለች፤ እንዲህ አውርታ አታውቅም። ደስታነሽ እንጀራውን በትንንሹ እየቆረሰች አትጎርሰውም። ዓይኗ ፊት ያለው ከመንደራቸው እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው ቀይ መንገድ ነው። መክሊት ትምህርት በጀመረችበት ዓመት አባቷ ይስማው ጫማ ገዛላት፤ ጥቁር፣ ባለ መቆለፊያ፣ በመንደሩ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም ልጅ የሌለው። ደስታነሽ የመጀመሪያ ቀን ስትሸኛት ያስተማረቻት፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ እንድትሄድ ነው። ጭቃው እንዳይነካው፣ ድንጋዩ እንዳይበላው፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ እግሯን በሣር ጠርጋ እንድታጠልቀው፣ ስትወጣም እንድታወልቀው። መክሊት ታዛዥ ልጅ ነበረች። ጫማው ሳይጫጫር ጠብቦ ሲቀር ለአክስቷ ልጅ ተላለፈ፤ አዲስ ነው የሚመስለው ብለው ጎረቤቶች ደስታነሽን አመሰገኗት። ከዚያ በኋላም ሌላ ጫማ ተገዛ፤ እሱም እንዲሁ በእጅ ተይዞ ኖረ። ልጅቱ እርሻም ስትወርድ፣ ውኃም ስትቀዳ፣ ጤፍም ስታርም በባዶ እግሯ ነው፤ ጫማው ቆጡ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይጠብቃታል።

ደስታነሽ የምትፈራው ሌላ ነገር ነበር። በሽታው በንክኪ ይተላለፋል ስለተባለች፣ ልጇ እግሯን አጥባት አታውቅም። ማታ ሌላው ልጅ የእናቱን እግር ሲያጥብ፣ ደስታነሽ ከቤቱ ጀርባ ለብቻዋ በተለየ ገበቴ ትታጠብና ውኃውን ሰው የማይረግጥበት ቦታ ትደፋው ነበር። መክሊት አንድ ጊዜ የእሷን ጫማ አድርጋ ስትጫወት ያየቻት ቀን በዱላ ነው የመታቻት፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መትታት አታውቅም። እንዲህ እንዲህ ስትጠብቃት ኖራ፣ መክሊት ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ነው አይናለም እግሯን እያጠበች በወሬ መሃል የነገረቻት። በንክኪ አይተላለፍም እትዬ፣ አፈሩ ነው፤ ይሄ ቀይ አፈር በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ነው የሚያመጣው፤ ሕፃናት ጫማ ካደረጉ አይነካቸውም አለቻት። ደስታነሽ ይህን ለመክሊትም አልነገረቻት። በስልክ ባወሩ ቁጥር ግን ጫማ አድርገሻል ወይ ሳትላት ስልኩን አትዘጋም ነበር።

«መክሊትዬ» አለች አሁን።

መክሊት ወሬዋን አቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መክሊት ከፊቷ ያለውን የውኃ ጠርሙስ ክዳን ከፈተችው፣ መልሳ ዘጋችው። «ከፋሲካ ወዲህ» አለች። «ማታ ማታ ያቃጥለኛል። ጠዋት እብጠቱ ይጎድላል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ እማ?»

ደስታነሽ መናገር ፈለገች። «ያኔ ትምህርት ቤት ስትሄጂ፣ ያን ጫማ…» ብላ ጀመረች።

«ተይው» አለች መክሊት ቶሎ ብላ። ተቆጥታ አይደለም፤ ለስለስ አድርጋ ነው። «ትምህርት ላይ ተምረነዋል። አውቀዋለሁ። ተይው እማ። ሻይ ልዘዝልሽ?»

ይህ ለደስታነሽ ከስድብ በላይ ሆነባት። ለካ ልጅቱ ታውቃለች። በየስልኩ ጫማ አድርገሻል ስትባል፣ እሺ እማ፣ አድርጌያለሁ ስትል የኖረችው እያወቀች ነው። ደስታነሽ ተሸክማው የኖረችውን ነገር ልጅቱም በሌላኛው ጫፍ ይዛው ኖራለች፤ አንዷም ለአንዷ ሳትነግር። ሻዩ መጣ። ስኳሩን ማንም አላማሰለውም።

«ዛሬ ሐሙስ ነው። ጤና ጣቢያው የእግር ሕመምተኛ የሚያዩት ሐሙስ ከሰዓት ነው» አለች ደስታነሽ። «ጫማውን ይዘን እንሄዳለን።»

«ዛሬ አይሆንም። ገና ዕቃ አላሰርኩም። ከጮቄ ስመለስ እሄዳለሁ።»

«መቼ ነው የምትመለሽው?»

«ሦስት ወር ነው። ምን አላት ሦስት ወር? አሁን ካርድ ካወጣሁ ከተማው ትንሽ ነው፣ ነገ ሰው ሁሉ ያወራዋል። ሥራውን ይነጥቁኛል። ቡት ውስጥ ማን ያየዋል?»

«መክሊት።»

«ስመለስ እሄዳለሁ አልኩሽ እኮ እማ!» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ የባንክ ሠራተኞቹ ዞር አሉ። መክሊት አንገቷን ደፋች።

ያን ጊዜ ደስታነሽ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። ሰርግ ቤት ጥግ ይዛ የምትቀመጠው፣ በባጃጅ ስትሳፈር ንፋሱ እንዳይገልጥባት ቀሚሷን በሁለት እጇ የምትይዘው ሴት፣ የቀሚሷን ጠርዝ ያዘችና እስከ ጉልበቷ ድረስ ሰበሰበችው። በምግብ ቤቱ መስኮት የሚገባው የቀትር ብርሃን እግሯ ላይ አረፈ። ቆዳው ተሰነጣጥቆ ደርቋል፤ ቁርጭምጭሚቷ የነበረበት ቦታ እጥፋት ብቻ ነው። ከባንክ ሠራተኞቹ አንዱ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። አስተናጋጇ በመሃል መንገድ ቆመች።

«እይው» አለች ደስታነሽ። «ወደ ሌላ ቦታ አትይ፣ ይሄን እይ። እኔም እንዳንቺው አንዱ ነበር፣ ግራው። ማታ ያቃጥል ነበር፣ ጠዋት ይጎድል ነበር። እኔም አጨዳው ይለፍ አልኩ። ከዚያ ክረምቱ ይለፍ አልኩ። ከዚያ አንቺን አርግዤ ነበር፣ ሰው ያየኛል አልኩ። ሰው እንዳያየኝ ስል ነው ይሄ የሆነ። አሁን ሁሉም አየኝ፤ ምን ሆንኩ? ተቀምጫለሁ አይደል?»

«ሸፍኚው እማ» አለች መክሊት እያለቀሰች። «እባክሽ፣ እባክሽ ሸፍኚው።»

«ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ። ሸፍኚው።»

ደስታነሽ ቀሚሷን ለቀቀችው። ሻዩን ሳትነካው ተነሳች። ሲወጡ አስተናጋጇ በሩን ያዘችላቸው፤ የኳሱ ክርክር አልቀጠለም።

ፈንታ ግራውን ቡት ከፎርማው አውጥቶ፣ በጨርቅ ወልውሎ ጠበቃቸው። መክሊት አጥልቃው ጣውላው ላይ ወጣች፤ ወረደች። አሁን አልጠበባትም። ፈንታ በራሱ ሥራ ተደስቶ «እንዳደረግሽው ሂጂ፤ ከዛሬ ጀምሮ ይልመድሽ። በሦስት ወር ውስጥ ደግሞ እንደ ቆዳሽ ይሆናል» አላት። ዋጋውን ደስታነሽ ከመቀነቷ ፈትታ ከፈለች፤ እንደ ገበያ ሰው አልተከራከረችውም፤ ፈንታም የገበያ ልምድ እንደሌላት ቆጥሮ በራሱ ፈቃድ ትንሽ መለሰላት።

እስከ ጤና ጣቢያው በእግር ሄዱ። ባጃጅ እንያዝ ብትላት መክሊት ቡቱን ላለማምደው አለች። ደስታነሽ ከኋላ ሆና ስታያት አዲሶቹ ቡቶች ኮረኮንቹን አጥብቀው ይረግጣሉ፤ ያማሩ ናቸው፤ ሰው ዞሮ ያያቸዋል። ሰኞ ጮቄ ትወጣ እንደሆነ፣ ሥራው ይጠብቃት እንደሆነ፣ ይህን የሚያውቅ ማንም የለም። አይናለም ቶሎ ከታየ እግሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል ስትል ሰምታታለች፤ እጥበቱና ቅባቱ በየቀኑ ካልተቋረጠ፣ እግሩም ከአፈር ከተጠበቀ። በየቀኑ ማለት እስከ ዕድሜ ልክ ማለት እንደሆነ ግን ደስታነሽ በራሷ ታውቀዋለች። ይህን ለልጅቱ እንዴት ልንገራት፣ ዛሬ ልንገራት ወይስ ራሷ ትድረስበት እያለች እያሰበች ግቢው ውስጥ ገቡ።

የእግር ሕክምናው ክፍል ከግቢው መጨረሻ ነው። በሩ ፊት ለፊት ረጅም አግዳሚ አለ፤ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ ጋቢ እግራቸው ላይ ጣል አድርገዋል፣ ሴቶቹ እንደ ደስታነሽ ቀሚሳቸውን አስረዝመዋል። ደስታነሽ ከጫፍ ተቀመጠች። መክሊት የእናቷን ከረጢት ይዛ፣ ሕመምተኛ እንዳመጣ ሰው፣ ከግድግዳው ጋር ቆመች። አንዲት ሴት «ልጅሽ ናት? ታድለሽ፣ የኔዎቹ ሸኝተውኝ አያውቁም» አለቻት። ደስታነሽ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

በሩ ተከፈተና አይናለም እጅጌዋን እንደሰበሰበች ወጣች። «እትዬ ደስታነሽ! ቀጠሮዎ ገና ነው እኮ፣ ምን ሆኑ? ቁስል ወጣ እንዴ? በሉ ይግቡ።»

ደስታነሽ አልተነሳችም።

«ዛሬ እኔ አይደለሁም» አለች።

አይናለም ወዲያው አልገባትም፤ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ዓይኗ ወደ መክሊት ሄደ፣ ከመክሊት ፊት ደግሞ ወደ አዲሶቹ ቡቶች ወረደ። «እሺ» አለች። «እሺ እህቴ። ከውስጥ ያለውን ሰው ልጨርስና እጠራሻለሁ። ጫማሽን አውልቀሽ ጠብቂኝ።»

በሩ ተዘጋ። መክሊት ከረጢቱን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ የት እንደምትቀመጥ ሳታውቅ ቆመች። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሰዎች፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ አንድ በአንድ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።